«የጣልያን ጊዜ ነው» የሚባልልዎትን የሞተር ዘይት ጠርሙስ እንዴት እንደሚመረምሩ

ቃሊቲ፣ ከከባድ መኪና ጋራዦቹ ጀርባ ቆራሌው ጆንያውን ሲዘረግፍ ቆመው ካዩ የሚሰሙት ነገር አንድ ነው፦ «ይሄ እኮ የጣልያን ጊዜ ነው!» ፋኖሱም፣ የዛገው ቁልፍም፣ ዘይት የለበሰው ጠርሙስም የጣልያን ጊዜ ነው። እኔም አንድ ቀን አመንኩና ባለ ስድስት እግር ውሻ ጠርሙስ በ600 ብር ገዛሁ። ቢጫ መደብ ላይ ጥቁሩ ውሻ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እሳት ይተፋል፤ ሲያዩት ያስጎመጃል። ቤት ገብቼ ለብ ባለ ውኃ ብነክረው ውሻው ከነእሳቱ ተላጦ ሳፋው ላይ ተንሳፈፈ። ከሥሩ የቀረው ተራ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ባይላጥ እንኳ ዓመቱ አይገጥምም፤ የጣልያኑ ነዳጅ ኩባንያ የአጂፕ ውሻ በውድድር የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፣ ጣልያን አዲስ አበባን ለቆ ከወጣ ከ11 ዓመት በኋላ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ዓርማ የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጠርሙሱ በእርግጥ የዘይት መሆኑን ይለዩ። እኛ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ዘይት በአረቄ ጠርሙስም በውስኪ ጠርሙስም ይቀመጣል። ዘይት ስለያዘ ብቻ የዘይት ጠርሙስ አይባልም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአሜሪካ ማደያዎች ዘይቱን ከበርሜል ወደ ጠርሙስ እየቀዱ፣ ስምንት ስምንቱን በሽቦ መያዣ ደርድረው ከነዳጅ መቅጃው አጠገብ ያቆሙት ነበር። ባለመኪናው መልኩንም ልኩንም በዓይኑ አይቶ ይገዛል። የታሸገው የቆርቆሮ ጣሳ ሲስፋፋ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ ቀረ። ስለዚህ እውነተኛው ረዘም ያለ ነው፤ አንገቱ ላይ የቆርቆሮ መቅጃ የሚጠመዘዝበት ጥርስ፣ ብዙ ጊዜም የልክ መስመር አለው። ያ መስመር ለፈተና ይጠቅማል። ባዶውን ሱቅ ወስደው ያስመዝኑ፤ እስከ መስመሩ ውኃ ሞልተው ደግመው ያስመዝኑ። ልዩነቱ 946 ግራም ገደማ ከሆነ የአሜሪካ ኳርት (የፈሳሽ መለኪያ) ነው፣ 1,136 ገደማ ከሆነ የእንግሊዝ ኳርት፣ አንድ ኪሎ ከሆነ ደግሞ በሊትር የሚለካ አገር ጠርሙስ ነው። ባለሱቁ ውኃ ሲያስመዝኑ ቢስቅ ይሳቅ።

አሁን ገልብጠው ቂጡን ያንብቡ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ከዓርማው ይልቅ ቂጡ ብዙ ይናገራል። የአልማዝ ቅርጽ ላይ እንቁላል መሰል ክብ ተደርቦ፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ አጭር ዘንግ ካዩ የኦውንስ-ኢሊኖይ፣ የአሜሪካው ጠርሙስ ሠሪ ኩባንያ፣ ምልክት ነው። ኩባንያው የተመሠረተው በ1929 ስለሆነ ጠርሙሱ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። ከምልክቱ በስተግራ ያለው ቁጥር ፋብሪካውን፣ በስተቀኝ ያለው ዓመቱን ያመለክታል። ችግሩ ዓመቱ ብዙ ጊዜ በአንድ አኃዝ ብቻ መጻፉ ነው፤ 7 ቁጥር 1937ም 1947ም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ‹ዱራግላስ› (Duraglas) የሚለውን በእጅ ጽሑፍ መልክ የተቀረጸ ስም ይፈልጉ። ይህ ስም የመጣው በ1940 ነው። ቂጡ ዙሪያ በጥቃቅን ነጠብጣብ የሻከረውም ከዚያው ዘመን ጀምሮ ነው። እኔ አንድ 7 ቁጥር አለኝ፤ ስሙም ነጠብጣቡም የለበትም፣ ስለዚህ 1937 ብዬ ይዤዋለሁ።

ምልክት ከሌለው ወደ ስፌቱ ይሂዱ፤ ማለቴ ሁለቱ የፎርማ ክፋዮች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር። በጥፍርዎ ከታች ወደ ላይ ይከተሉት። አንገቱ ላይ ከጠፋ አፉ በእጅ የተሠራ ነው፤ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከዘለቀ በማሽን። ጠርሙስ የሚሠራው የኦውንስ አውቶማቲክ ማሽን ሥራ የጀመረው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይሁን እንጂ የዛሬ ጠርሙስም ስፌቱ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ፈተና «በጣም አሮጌ ነው» የሚለውን ወሬ ያፈርሳል እንጂ አዲስ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ሐሰተኛ ብር መለያ ሐምራዊ መብራት ያለው ሱቅ ካወቁ ጨለማ ላይ ያብሩበት። ማንጋኒዝ ያለበት የድሮ ንጹሕ ብርጭቆ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሰጣል። ማንጋኒዝ ለማጥሪያ በብዛት የሚገባው እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገደማ ነበር። ይህን ግን ከሌላ ማስረጃ ጋር ይዩት፤ ብቻውን አይበቃም።

ጽሑፉን በጣት ይዳስሱ። ከፎርማው ጋር አብሮ የወጣ ፊደል ጠርዙ ለስላሳና ክብ ነው። በአሸዋ ንፊት ወይም በሌዘር የተፋቀ ደግሞ ነጣ ብሎ ጠለቅ ያለና ሻካራ ነው፤ አዲስ ጠርሙስ ላይ የድሮ ስም የሚጻፈው እንዲህ ነው። ቀለም ከሆነ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በእሳት የተጋገረ ቀለም መጥቷል፤ እሱን አሴቶን አይነካውም። ጥግ ላይ በጥጥ ይሞክሩት። ወረቀት ከሆነ ግን በፍጹም አያርጥቡት።

ጭረቱንም ያጢኑ። የሠራ ጠርሙስ የሚያረጀው መሬት የሚነካው ቀለበት ላይ ነው፤ ጭረቱ ወዲህና ወዲያ የተዘበራረቀ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ አንድ ወጥና አንድ አቅጣጫ ያለው ይሆናል። የመቅጃው ዝገትም እንዲሁ፤ እውነተኛው ቆርቆሮውን በልቶ ጉድጓድ ይተዋል፣ የተቀባው ብርቱካንማ ዱቄት ሆኖ ጣት ላይ ይቀራል። መቅጃው በቀላሉ የሚለወጥ ስለሆነ ዕድሜውን ለብቻው ይገምቱ።

ዓርማው አሁን ይምጣ። የኤስ ኤ ኢ (SAE፣ የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር) የዘይት ውፍረት ደረጃ የወጣው በ1911 ነው፤ እንደ 20-50 ያለ ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ግን የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ተጽፎበት «የ1930ዎቹ ነው» ካሉዎት ይሳቁና ይመልሱ። የሼል ዛጎልም በደንብ ይታይ፤ ዛሬ የምናውቀው የቀለለ ቅርጽ የመጣው በ1971 ነው።

ሁሉም ከተስማማ በኋላ ነው የሚታጠበው። ውስጡ የደረቀውን ዘይት በነጭ ጋዝ ያርጥቡ፣ ከእሳት ርቀው፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና። አሸዋና ጠጠር ከትቶ መናጥ ጠላ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ውስጡን ይቧጭረዋል። የፈላ ውኃ ደግሞ ይሰነጥቀዋል።