በቤት የተሠራ የማርሽ መጠቆሚያ መብራት ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ሞተሩ የተወሰነ ዙር ላይ ሲደርስ በርቶ ማርሽ የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን የሚያሳውቅ መብራት በእጃቸው ሠርተው ከመኪናቸው ጋር ላገናኙ፣ ነገር ግን እንዳሰቡት ላልሠራላቸው ሰዎች ነው። የፊውዙና የባትሪው ደኅንነት፣ ኤልኢዲውም ተገልብጦ አለመሰካቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ መሆን አለበት። የማተኩረው አንድ ኮይልና (የባትሪውን ቮልቴጅ ለብልጭታ ከፍ የሚያደርገው) ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ባላቸው ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች፣ ማለትም በድሮዎቹ ላዳዎች፣ ቮልስዋገኖችና ኮሮላዎች ላይ ሲሆን፣ ሰርኪዩቱም ድግግሞሽን ወደ ቮልቴጅ በሚቀይረው በኤልኤም 2917 ቺፕ የተሠራው ነው።

እጄ ከገቡት ብልሽቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ የተሳሳተ እምነት ነው፤ ይኸውም የኮይሉ ኔጋቲቭ ጫፍ የ12 ቮልት ሽቦ ነው የሚለው። ሞተሩ እየሠራ መልቲሜትር ሲያስጠጉት ከ12 ብዙ ያልራቀ ቁጥር ስለሚያነቡ ሰዎች ያምኑታል። መልቲሜትሩ ግን የሚያሳየው አማካዩን ነው። ኮንታክቱ (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሆኖ የኮይሉን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) በተከፈተ ቁጥር በዚያ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ከ300 ቮልት በላይ ይነሣል፤ ከዚያም ቮልቴጁ ወዲያው አርፎ አይተኛም፣ እየቀነሰ ብዙ ጊዜ ወጣ ገባ ይላል።

መብራቱ ያለጊዜው ይበራል ወይም ይንቀጠቀጣል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ችግር ይህ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ብልጭታ ይሰጣል፤ ስለዚህ በደቂቃ 6,000 ዙር ማለት በሰከንድ 200 ብልጭታ፣ በሁለት ብልጭታዎች መካከልም 5 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ቺፑ ከዋናው ብልጭታ ሌላ ተከታዩን መወዛወዝ እንደ አዲስ ብልጭታ ከቆጠረው፣ 3,000 ዙር ላይ ያለ ሞተር 6,000 የደረሰ ይመስለዋል።

ምንም ዕቃ ከመቀየር በፊት ጥፋቱ በየት በኩል እንደሚገባ መለየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ከኮይሉ የሚመጣውን ሽቦ ከሰርኪዩቱ መንቀል፣ የሰርኪዩቱን መግቢያ ከራሱ ግራውንድ ጋር ማገናኘትና ሞተሩን እንደገና ማስነሣት ነው፤ መብራቱ አሁንም ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የሚገባው በኃይል መስመሩ ወይም በግራውንዱ በኩል ነው። ካልተንቀጠቀጠ ሽቦውን ወደ ሰርኪዩቱ መልሶ በኮይሉ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ መንቀልና ጫፉን በናስትሮ መሸፈን ይገባል። ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሽቦ መብራቱን ካበራው፣ ሽቦው እንደ አንቴና ከካንዴላ ሽቦዎቹ እየለቀመ ነው። ሁለቱም ጫፎች ሲገናኙ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ጥፋተኛው የኮይሉ መወዛወዝ ነው።

አንድ የላዳ ባለቤት ሦስት ቺፕ ቀይሮ፣ ሦስቱንም ሐሰተኛ ዕቃ ነው ብሎ ረግሞ መጣ። ኮፈኑን ስከፍት ሥራው እጅግ ያምር ነበር፤ የመብራቱ ሽቦ ከካንዴላ ሽቦዎቹ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቶ በየአራት ጣቱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። ችግሩ ያ ማሰሪያ ነበር። በካንዴላ ሽቦ ውስጥ ከ15,000 ቮልት በላይ ያልፋል፤ አጠገቡ ትይዩ የተኛ ሽቦ ሁሉ ከዚያ ድርሻውን ያነሣል። ሽቦውን በሌላኛው የሞተሩ ጎን አዞርኩት፣ መሻገር ግድ በሆነበት አንድ ቦታም በመስቀልያ አሳለፍኩት፤ መብራቱም ያንኑ ጊዜ ረጋ። ሦስቱም ቺፖች ደኅና ነበሩ።

የኮይሉ መወዛወዝ ለሆነበት መፍትሄው ማጣሪያ ነው። ሁለት ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አገናኝቶ፣ ከእነርሱ በኋላ 22 ናኖፋራድ ካፓሲተርና 15 ቮልት ዜነር ዳዮድ (ቮልቴጁ ከ15 እንዳያልፍ የሚገታ) ወደ ግራውንድ ማሰር ይበቃል። ይህ ከግማሽ ሚሊሰከንድ በታች ያለውን መወዛወዝ ውጦ የ5 ሚሊሰከንዱን ምት ያሳልፋል። ሬዚስተሮቹን ሁለት ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተራዋ የሩብ ዋት ሬዚስተር አብዛኛውን ጊዜ የምትችለው እስከ 250 ቮልት ስለሆነ፣ ብቻዋን ስትቀመጥ ለጥቂት ሳምንታት ሠርታ ትሞታለች፤ ግማሽ ዋት የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ግን ጫናውን ይካፈላሉ። ካፓሲተሩን «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ማሳደግም አይገባም። ባለ 470 ናኖፋራድ ያስገባ ሰው አጋጥሞኛል፤ ማጣሪያው ከመወዛወዙ ጋር ብልጭታውንም ስለዋጠው መብራቱ በምንም ዙር አልበራም።

ግራውንዱን በተመለከተ፣ ቀለም በተቀባ ብሎን ሥር የታሰረ ሽቦ ግራውንድ አይባልም። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ መፋቅ አለበት።

ሞተሩ በድንገት ይጠፋል

ይህ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ቢሆንም ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ሽቦው በሞተሩና በዳሽቦርዱ መካከል ባለው ቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያልፍ፣ ላስቲክ ካልገባለት የቆርቆሮው ጠርዝ ልባሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። መዳቡ ብረቱን በነካ ጊዜ የኮይሉ ኔጋቲቭ ግራውንድ ሆነ ማለት ነው፤ ብልጭታ የለም፣ ሞተርም የለም። አንድ ደንበኛ ከእንጦጦ ሲወርድ ሞተሩ ጠፍቶበት የፍሬኑ እገዛ እየከዳው በእጅ ፍሬን ነው የቆመው። ስለዚህ ሁለቱን ሬዚስተሮች በሰርኪዩቱ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ኮይሉ አጠገብ፣ ከጫፉ ከአምስት ሴንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ከሬዚስተሮቹ ወዲህ ሽቦው ቢላጥም ብልሽቱ መብራቱን ብቻ ያጠፋል፤ ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ይህን ያላደረገ ሰው መኪናውን ከግቢ ባያወጣ እመርጣለሁ። በመዳብ የተለበጠውን ርካሽ የአሉሚኒየም ሽቦም እዚህ ቦታ ላይ ማንም እንዲጠቀምበት አልመክርም፤ በሞተር ንዝረት ቶሎ ይሰበራል።

ሌሎች ምልክቶች

ሞተሩ ሲነሣ በርቶ ከተነሣ በኋላ የሚሞት ሰርኪዩት ኃይሉን የሚወስደው ከኮይሉ ፖዘቲቭ ነው። ባላስት ሬዚስተር (ሞተሩ ሲሠራ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚቀንስ) ባላቸው መኪኖች ይህ ጫፍ ሙሉ ቮልቴጅ የሚያገኘው በማስነሻው ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ኃይሉን ከቁልፉ በኋላ ካለ መስመር በአንድ አምፒር ፊውዝ መውሰድ ነው። ዘግይቶ የሚበራ መብራት ብዙውን ጊዜ ከቺፑ መውጫ ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተቀምጦበታል፤ 1 ማይክሮፋራድ ይበቃል። ጠዋትና ከሰዓት በተለያየ ዙር የሚበራ ከሆነ በመቁጠሪያው ቦታ (ቺፑ ምቶቹን ወደ ቮልቴጅ በሚቀይርበት የካፓሲተርና የሬዚስተር ጥንድ) ያለችው ርካሽ የሴራሚክ ካፓሲተር በሙቀት እየተለወጠች ነውና በፖሊስተር መተካት አለባት። ባትሪያቸው 6 ቮልት የሆኑ የድሮ ቮልስዋገኖች ለዚህ ሰርኪዩት አይሆኑም፤ የቺፑ የውስጥ ዜነር ራሱ 7.56 ቮልት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ኮፈናቸው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ውስጥ «አይጂ ማይነስ» የሚል ቀዳዳ ስላላቸው ምልክቱን ከኮይሉ ፈንታ ከዚያ መውሰድ ይቻላል።

ፍተሻ በሚደረግበት ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን በርቶ መተው ኮይሉን ያቃጥላል። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦ በእጅ መንካት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

መብራቱ የሚበራበትን ዙር ማመን አልተቻለም

ቆሞ ባለ መኪና ላይ ሞተሩን 6,000 ድረስ እያስጮኹ ማስተካከል ሞተር መግደል ነው። የግድግዳችን ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእርሱ የተሻለ መለኪያ አያስፈልግም። ከ220 ወደ 12 ቮልት በሚያወርድ ትራንስፎርመር በኩል ብቻ፣ ፈጽሞ በቀጥታ ሳይሆን፣ በአራት ዳዮዶች አቅንቶና በመውጫው ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አስሮ፣ ካፓሲተር ሳይጨምሩ ወደ መግቢያው ማስገባት ነው። በሰከንድ 100 ምት ይገኛል፤ ይህም ለባለ አራት ሲሊንደር 3,000 ዙር ነው። በ10 ናኖፋራድና በ100 ኪሎኦም በተሠራ መቁጠሪያ መልቲሜትሩ በዚህ ጊዜ በቺፑ መውጫ ላይ 0.75 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። የቺፑ መውጫ ከዙሩ ጋር እኩል ስለሚያድግ፣ የተነበበውን እጥፍ አድርጎ የማነጻጸሪያውን ቮልቴጅ (መውጫው ሲደርስበት መብራቱ የሚበራበትን) በማስተካከያው ብሎን በዚያ ላይ ሲያቆሙት መብራቱ በ6,000 ይበራል። ከዚያ በኋላ የማስተካከያውን ብሎን በአንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ማሸግና የተስተካከለበትን ቮልቴጅ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ መጻፍ ይገባል።