የእጅ ውሃ ፓምፕ ለጎብኚ ሲቀርብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሙዚየም ውስጥ የድሮ ፓምፕ ቀለም ተቀብቶ፣ «መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፎበት ሳይ ያሳዝነኛል። ብርቅ የሆነው ዕቃ ይጠበቅ። አጠገቡ ግን ልጆች እንደልባቸው የሚሞክሩት አምሳያ ይቁም።

አምሳያው ውስጡ ካልታየ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። ሲሊንደሩን ከወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ አሠሩት። እጀታው ሲጫን ፒስተኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ክፍል) ይነሳል፤ የታችኛው ቫልቭ (ውሃውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው መዝጊያ) ተከፍቶ ውሃው ይገባል። እጀታው ሲነሳ የታችኛው ቫልቭ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፤ ውሃው በፒስተኑ ቫልቭ አልፎ ወደ ላይ ይሻገራል። ልጅ ይህን አንዴ በዓይኑ ካየ አይረሳውም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ነው። «ፓምፑ ውሃውን እስከ 10 ሜትር ይስባል» ይባላል። «ይስባል» የሚለው ያሳስታል። ፒስተኑ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ግፊት ይቀንሳል እንጂ ውሃውን የሚገፋው ጉድጓዱ ላይ የተጫነው አየር ነው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 በጻፈው ደብዳቤ አየር ክብደት እንዳለው አስረድቷል። 10 ሜትሩም የባሕር ጠረፍ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ እዚህ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። በተግባር ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም። ታዲያ ገጠር ያለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እንዴት ከዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ያወጣል? ፒስተኑ ወደ ታች ወርዶ ውሃው ውስጥ ስለሚሠራ ነው። ሁለቱን ዓይነት ፓምፖች ጎን ለጎን አቁሟቸው።

በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋውን የፒስተኑን ቆዳ መርሳትም አለ። አንድ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ስትታገል አይቻለሁ። የሚሰማው የአየር ድምፅ ብቻ ነበር። ሙዚየሙ ተዘግቶ በሰነበተባቸው ቀናት ቆዳው ደርቆ፣ ተኮማትሮ ነበር። ከላይ አንድ ጣሳ ውሃ ቢፈስበት ይርሳል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። ይህን ሥራ ሠራተኛ ተደብቆ አይሥራው። ጣሳውን አጠገቡ አስቀምጡና ልጆቹ ራሳቸው ያፍስሱ።

ለአጫጭር ልጆች መቆሚያ ይሠራ። እጀታው መጋጠሚያ ላይ ጣት የሚይዝ ክፍተት ይሸፈን። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ «አይጠጣም» ተብሎም ይጻፍ።

ውሃው ዝም ብሎ ወደ ገንዳው እንዲመለስ ብቻ አታድርጉ። ከአፉ ሥር የ20 ሊትር ጀሪካን ይቀመጥ። ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ጎብኚው ሞልቶ፣ አንስቶ፣ ጥቂት እርምጃ ተሸክሞት የሚሄድበት ቦታ ተዉለት።