ትራንስፈሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። ትራንስፈሩ፣ ማለትም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ሳጥን፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ከኋላ ተቀምጧል። ሌላ ቦታ ፈትተውት መግጠም ያቃታቸው ነው። «ለምን ተፈታ?» አልኩት ባለቤቱን። «ይጮህ ነበር» አለኝ። ምኑ እንደሚጮህ ግን ማንም አላጣራም። አቦ፣ ይኼን ነገር ማየት ሰልችቶኛል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ስህተት ይኸው ነው፤ ሳይሰሙ መፍታት። ከወለሉ ስር ድምፅ ተሰማ ማለት ትራንስፈሩ አለቀ ማለት አይደለም። ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) እዚያው ነው። ክሮቼራውም (የዘንጉ መተጣጠፊያ መገጣጠሚያ) እዚያው ነው። በኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው የዲፈረንሻል ድምፅ እንኳን በሻሲው ተጉዞ ጋቢና ይገባል። ለመለየት መፍቻ አያስፈልግም፣ ጆሮና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ግን ወጣቶቹ መፍቻ ካልያዙ የሠሩ አይመስላቸውም።

ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ። ሞተሩን አስነሱ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉና ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ከጮኸና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ ካምቢዮ ውስጥ ነው። በተቃራኒው ስትረግጡ ብቻ ከጮኸ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ (ማሽከርከሪያ ቀለበት) ነው። ሁለቱም ካልሆነ የትራንስፈሩን ዱላ ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ካምቢዮውን ሦስተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። መኪናው አይሄድም፣ ግን ካምቢዮውና የትራንስፈሩ መግቢያ ማርሽ ይዞራሉ። አሁን ከጮኸ ከሁለቱ አንዱ ነው። ዝም ካለና የሚጮኸው ሲሄድ ብቻ ከሆነ የትራንስፈሩን መውጫ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራውንና ዲፈረንሻሉን ጠርጥሩ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ክሮቼራውን በእጅ ነቅንቁት። ነጻ ነው።

ድንጋዩን የምለው በከንቱ አይደለም። ትራንስፈሩ ዜሮ ላይ ከሆነ ካምቢዮው አንደኛ ቢገባም መኪናውን አይዝም። አንድ ረዳቴ «ማርሽ አስገብቻለሁ» ብሎ ከስር ገብቶ ነበር። መኪናው አንድ ክንድ ተንከባለለ። የድሬ መሬት ሜዳ ስለሆነ ተረፈ። ደንገጎ ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምጽፈው።

ደንገጎን ካነሳሁ አይቀር፣ ጠዋት ቀዝቃዛ መኪና አምጥታችሁ «ስማው» አትበሉኝ። ያደረ ወፍራም ዘይት የላላ ኩሽኔታን ድምፅ ይሸፍናል። ዳገቱን ወጥቶ፣ ግሎ የተመለሰ መኪና ነው የሚናገረው።

ወደ ዘይት እንምጣ። ማፍሰሻውን ከመፍታታችሁ በፊት የመሙያው ቡሎን የሚፈታ መሆኑን እዩ። አፍስሳችሁ መሙያው እምቢ ካለ ባዶውን ይዛችሁ ትቀራላችሁ፤ አንዴ የደረሰበት ያውቃል።

ይበልጥ የሚያታልለው ግን ሌላው ነው። በብዙ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። የሁለቱን ዘይት የሚለየው በመሃል ያለ ፓራዎሊዮ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከስር አንድ ጠብታ የለም። አንዱ ይጎድላል፣ ሌላው ይሞላል። ከአወዳይ ጫት የሚያወርድ አንድ ደንበኛዬ ትራንስፈሩን ከፍቶ ሲያይ ሙሉ ነው፣ እንደውም ከመሙያው ቀዳዳ ጎረፈ። ደስ ብሎት ዘጋው። በሦስተኛው ሳምንት ካምቢዮው ደርቆ ነደደ። ልኩ ዘይቱ የመሙያውን ቀዳዳ ከንፈር ሲነካ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጎረቤቱን ክፈቱ። ሁልጊዜ ሁለቱንም አብራችሁ እዩ።

የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው አትጥረጉት፣ መጀመሪያ እዩት። እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር የዕድሜ ነው። ጣት የሚወጋ ስባሪ ካለ ያኔ ፍቱ፣ አልከለክልም።

«ፎር ዊሉ ገብቶ አልወጣም አለ» የሚለው ደግሞ በዝናብ ወቅት የማይቀር ነው። ጭቃ ላይ ያስገቡታል፣ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ሐረር ድረስ ይነዱታል። በእነዚህ መኪናዎች ፎር ሃይ (ፎር ዊሉ በፈጣኑ ማርሽ) ሲገባ የፊትና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያካክሰዋል። አስፋልት አያንሸራትትም፣ ስለዚህ ጉልበቱ ማርሾቹ መሃል ይጠመዘዛል፣ ዱላውም ይነክሳል። አንዱ በመዶሻ መትቶ ዱላውን አጣሞ መጣ። ኧረ በናታችሁ! ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ይለቃል። ከፊት አዲስ ጎማ፣ ከኋላ ያለቀ ወይም ሌላ ቁጥር ካሰራችሁም ያው መጠምዘዝ ቀጥታ መንገድ ላይ ሳይቀር ይመጣል።

ቁልቁለት ላይ ፎር ሎው (የጉልበቱ ማርሽ) ዘሎ ከወጣ ማርሹ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ የካምቢዮውን መቀመጫ ጎማ፣ የዱላውን ማያያዣና ወለሉ ላይ ያለውን የዱላ ላስቲክ እዩ። የደረቀ ላስቲክ ዱላውን መልሶ ሲገፋ አይቻለሁ።

ፓራዎሊዮ ቀይራችሁ በወሩ ካፈሰሰ የሳጥኑ የአየር መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል።

እኔስ? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ላንድክሩዘር ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆመ። ፎር ዊል ገብቷል፣ የፊት ጎማዎች አይጎትቱም። በእርግጠኝነት ትራንስፈር ነው ብዬ ሁለት ቀን ፈታሁ። ውስጡ ምንም የለም። ገጥሜ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ጎንበስ ብለው የግራውን የፊት ጎማ ሀብ (በእጅ ዞሮ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈውን) አዩት። አልተቆለፈም። አንዱ ክፍት ከሆነ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ወደዚያ ይጥለዋል፣ የተቆለፈው ጎማም ቆሞ ይቀራል። «አንተ ልጅ፣ ይኼንን አዙረኸው ነበር?» አሉኝ። ላቤን ጠረግኩ። ለሁለቱ ቀን ሒሳብ አልጠየቅሁም።

የማዳበሪያው ላንድክሩዘርስ? ገጠምነው። ድምፁ አልጠፋም፣ የኋላ ክሮቼራው ነበር። ትራንስፈሩ ግን አሁን ዘይት ያንጠባጥባል። በፊት አያንጠባጥብም ነበር።