ከዲያሜትር ሬዲየስ ስትፈልጉ የምትሳሳቱባቸው ቦታዎች

ለሁለት ማካፈል ነው፣ አለቀ። ስሌቱ ከዚህ አይበልጥም። ነጥብ የሚያስጥለው ከማካፈሉ በፊትና በኋላ ያለው ነገር ነው።

በማካፈል ፈንታ ማባዛት። ዲያሜትሩ 14 ሲባል ቸኩሎ 28 ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ሬዲየስ ከመሃል እስከ ጠርዝ ብቻ ነው፣ ዲያሜትር ግን ከአንዱ ጠርዝ ተነስቶ መሃሉን አቋርጦ ማዶ ይደርሳል። መልሳችሁ ከተሰጣችሁ ቁጥር ከበለጠ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፣ ተሳስታችኋል።

ዲያሜትሩን እንዳለ ቀመር ውስጥ መክተት። ለእኔ ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ስፋቱ ስንት ነው ሲባል 10ን በራሱ አባዝቶ፣ እሱን ደግሞ በፓይ (3.14) አባዝቶ 314 ብሎ መገላገል። ትክክለኛው ሬዲየስ 5 ነው። 5 በ5 ሲባዛ 25፣ እሱ በ3.14 ሲባዛ 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር። አያችሁ፣ የተሳሳተው መልስ አራት እጥፍ ሆኗል! ሬዲየሱ በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱም አብሮ በራሱ ይባዛል። ዙሪያ ስትፈልጉ ቢሆን እጥፍ ብቻ ነበር የምትስቱት።

«በኋላ አካፍላለሁ» ማለትም አያዋጣም። 10 በ10 መቶ፣ ለሁለት ሲካፈል 50፤ የምንፈልገው ግን 25 ነበር። አንዴ በራሱ ካባዛችሁት የሚካፈለው ለ4 ነው።

ዙሪያን ዲያሜትር አድርጎ ማንበብ። ዙሪያው 44 ሴንቲ ሜትር ነው ከተባለ ሬዲየሱ 22 አይደለም። መጀመሪያ ለፓይ አካፍሉ፣ በ22/7 ከሄዳችሁ ዲያሜትሩ 14 ይሆናል፣ ሬዲየሱ 7።

አሃድ መርሳት። 1.2 ሜትር ለሁለት 0.6 ሜትር ነው፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር። 6 ብሎ ማለፍ የለም።

ሲለኩ መሃሉን መሳት። መሃሉ ምልክት ከሌለው ማስመሪያው ትንሽ ከሸሸ የለካችሁት ዲያሜትር ሳይሆን ከእሱ ያጠረ አውታር፣ ማለትም መሃሉን ሳይነካ ከጠርዝ ጠርዝ የሚደርስ መስመር ነው። የማስመሪያውን ዜሮ አንድ ጠርዝ ላይ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ የምታገኙት ትልቁ ቁጥር ዲያሜትሩ ነው። ቱቦ ከሆነ ደግሞ የውስጡን ነው የውጪውን የምትፈልጉት? የውጪው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከሁለቱም ጎን ይቀነስና የውስጡ ዲያሜትር 9፣ ሬዲየሱ 4.5 ይሆናል።