የጥርስ ሕመም «ተወኝ» ሲባል

ቀዝቃዛ ውሃ በታመመው ጥርስ በኩል ይያዙና ይትፉት። ጠዝጥዞ ወዲያው ከተወ፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ገና ሊድን ይችላል፤ የተበላው ተጠርጎ ቢሞላ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ውሃው ከተተፋ ከግማሽ ደቂቃ በኋላም ካንገበገበ፣ ወይም ምንም ሳይነካው ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ነርቩ ከማይመለስበት ደርሷል። ጋደም ሲሉ የሚብሰው ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚበረታ ነው። ሌላ ሥጋ ሲቆጣ ያብጣል፤ ጥርስ ውስጥ ግን ዙሪያው ደረቅ ግድግዳ ስለሆነ ማበጫ ቦታ የለም።

ከዚያ ሕመሙ አንድ ቀን ድንገት ይቆማል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ተወኝ» ብሎ ሕክምናውን ይረሳል፤ የተወው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። ባክቴሪያው በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይወጣና መግል ይቋጥራል። ጥርሱ ከጎረቤቶቹ የረዘመ ይመስላል፤ እንጀራ እንኳ ሲያኝኩበት ያማል። ድዱ ላይ እየፈረጠ የሚመለስ ቡጉር ካለ ደግሞ መግሉ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው፤ ሕመም የማይኖረውም ለዚህ ነው።

አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ይህን አያድንም። የሞተ ነርቭ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ በደም የሚጓዝ መድኃኒትም እዚያ አይደርስም። እብጠቱ ጎደል ይል ይሆናል፣ ምንጩ ግን እዚያው ነው። ፀረ ተሕዋስያን የሚታዘዘው ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ ሲስፋፋ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጥርሱ መታከሙ አይቀርም።

ቀጠሮ እስኪደርስ አዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን በየ8 ሰዓቱ፣ ወይም ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል፤ ፓራሲታሞል በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ። አይቡፕሮፌን ጨጓራና ኩላሊት ለሚያመው፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። በጾም ወቅት ማለዳ በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራን ይልጣል፤ ከምግብ በኋላ ይሁን። ቅርንፉድ ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል። ነጭ ሽንኩርትና አስፕሪን ጥርስ ላይ ማስቀመጥ ድድ ያቃጥላል፤ አረቄውም ትርፉ ስካር ነው። በጭስ የሚወጣ የጥርስ ትል የለም።

እብጠቱ ከአገጭ ሥር ከወረደ ወይም ዓይን ከደፈነ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጣና ሐይቅ ላይ ዘጌ ወይም ደቅ ያለ ሰው «ነገ በጀልባ እሄዳለሁ» ብሎ አይደር፤ መግሉ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል።

ሩት ካናል የሞተውን ነርቭ አውጥቶ ጥርሱን ማቆየት ነው። መጀመሪያ ራጅ ይነሳል፣ ቀጥሎ ማደንዘዣ ይወጋል። የተቆጣ ቦታ ማደንዘዣውን ስለሚያዳክመው አንድ መርፌ ላይበቃ ይችላል፤ ካመመዎት ዝም አይበሉ፣ ይጨመርልዎታል። ከዚያ ጥርሱ በጎማ ሽፋን ከአፍ ይለያል። ሽፋኑ ምራቅ እንዳይገባ፣ የሚታጠብበት ፈሳሽም ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይከለክላል። ፈሳሹ ከልብስ ማንጪያው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፣ ሽታው ያሳብቃል። ሐኪሙ ከላይ ቀዳዳ ይከፍትና የሥሩን ርዝመት ይለካል። እንደ መርፌ በቀጠኑ ፋይሎች እየሞረደ፣ እያጠበ ይወርዳል፤ አድርቆም ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ይሞላዋል።

የላይኛው የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ (በሥሩ ውስጥ ነርቩ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ብቻ ስላለው በአንድ ቀጠሮ ሊያልቅ ይችላል። መንጋጋ ጥርስ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት አለው፤ መግል ካለ ደግሞ መድኃኒት ተደርጎበት ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ሥራው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ቀጭን አራተኛ ቦይ ሳይገኝ መቅረቱ ነው። ሌላው ከታካሚው ነው፦ ጊዜያዊ ሙሌቱ ወድቆ «አላመመኝም» ተብሎ ወር ሲከርም ምራቅ ይገባና የተጸዳው እንደገና ይመረዛል።

ለሁለት ሦስት ቀን ሲነክሱ ቢያም የተለመደ ነው። ካበጠ ግን ይመለሱ። የታከመ መንጋጋ ጥርስ ከላዩ ብዙ ስለተነሳለት ይሰነጠቃል፤ ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነው) እስኪለብስ በዚያ በኩል ቆሎ አይቆረጠምም፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ በጥርስ መክፈትማ ጭራሽ። ዋጋ ሲጠይቁ ራጁና ክራውኑ ገብተውበት እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ።

ሥሩ ለተሰነጠቀ ወይም ከድድ በላይ ምንም ላልቀረለት ጥርስ መነቀል ይሻላል። በሐይቁ ማዶ ያለና ለሁለተኛ ቀጠሮ መመለሱን የማያረጋግጥ ሰውም ይህን ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ይንገር፤ ተጀምሮ ከሚተው ሩት ካናል በአንድ ቀን ያለቀ መንቀል ይመረጣል።