የከዋክብት የኬሚካል ግራፍ ሲምታታ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የጋላክሲን ታሪክ ለማንበብ የተለመደው ግራፍ በአግድም ብረትን፣ በቁም ደግሞ ማግኒዥየም ከብረት ጋር ያለውን ምጥጥን ያሳያል። ሁለቱም ከፀሐይ ጋር ተነጻጽረው በሎጋሪዝም (በዴክስ፤ 1 ዴክስ አሥር እጥፍ ነው) ይጻፋሉ። ማግኒዥየም የሚረጨው ግዙፍ ከዋክብት በተወለዱ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሲፈነዱ ነው፤ ብረት በብዛት የሚያመርተው ዓይነት 1ሀ ሱፐርኖቫ (የነጭ ድንክ፣ ማለትም የሞተ ኮከብ ቅሪት ፍንዳታ) ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ነጥቦቹ መጀመሪያ ከ0.3 እስከ 0.4 ባለው ከፍታ ተኝተው ይሄዱና እንደ ጉልበት ታጥፈው ይወርዳሉ፤ መታጠፊያው «ጉልበት» ይባላል።

የሁለት የከዋክብት ዳሰሳዎች መረጃ ሲደራረብ አንዱ ከፍ ይላል። መጀመሪያ የፀሐይን መነሻ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ የተወሰደውን የፀሐይ መጠን፣ ይጠርጥሩ። የ1989ኙ ሠንጠረዥ ለፀሐይ ብረት በሎጋሪዝም 7.67፣ የ2009ኙ 7.50 ይሰጣል፤ ይህ ብቻውን የ0.17 ልዩነት ነው። መነሻውን አንድ ያድርጉ። ልዩነቱ ካልጠፋ በሁለቱም ዳሰሳዎች የተለኩ ከዋክብትን ፈልገው የልዩነታቸውን ሚዲያን ይቀንሱ።

የዩሮፒየም ልኬት በመረጃው ውስጥ የለም። አፖጂ የተባለው ዳሰሳ የሚለካው ከ1.51 እስከ 1.70 ማይክሮን ባለው ኢንፍራሬድ ነው፤ እዚያ አይፈልጉት። ጋላህ በተባለው ሌላ ዳሰሳ ውስጥ የዩሮፒየም መስመር (በስፔክትረሙ ላይ የንጥረ ነገሩ አሻራ) 6645 አንግስትሮም ላይ አለ፤ መስመሩ ደካማ ስለሆነ ግን ስፔክትረሙ ጥራት ይጠይቃል።

ባሪየም ከልክ በላይ ሆነ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ4554 አንግስትሮም መስመር በጣም ጠንካራ በመሆኑ ከባሪየሙ መጠን ይልቅ የኮከቡን ከባቢ አየር ጥቃቅን መናወጥ ያሳያል። በ5853 መስመር እንደገና ይለኩ። ከወረደ ችግሩ የመስመሩ ነበር። ካልወረደ አብሮት የሚዞር ጓደኛ ኮከብ ይፈልጉ፦ የኮከቡ ፍጥነት በየምልከታው ከተለዋወጠና ካርቦኑም ከበዛ፣ ዛሬ ነጭ ድንክ የሆነ ጓደኛው ድሮ ቁሱን አፍስሶበታል። ያ ባሪየም ኮከቡ ከተወለደበት ጋዝ የመጣ አይደለም፤ ኮከቡን ከግራፉ ያውጡት። የጓደኛ ምልክት ከሌለና የባሪየም ለዩሮፒየም ምጥጥን ወደ −0.8 ከቀረበ ግን ምንጩ ፈጣን የኒውትሮን ቀረጻ (አቶሞች ኒውትሮኖችን በፍጥነት እየያዙ ከባድ ንጥረ ነገር የሚሆኑበት ሂደት) ነው። በሬቲኩለም 2 ድንክ ጋላክሲ በ2016 ይፋ በሆነው ልኬት ከ9 ከዋክብት 7ቱ በእንዲህ ዓይነት ንጥረ ነገር የበለጸጉ ናቸው፤ ትንሽ ጋላክሲን ለማበልጸግ ይህን የሚያመርት አንድ ክስተት በቂ ነው።

በአንድ የከዋክብት ክምችት ውስጥ ትንንሾቹ ከዋክብት ከግዙፎቹ ያነሰ ብረት ያሳያሉ። በትንንሾቹ ከባድ ንጥረ ነገሮች ከገጽታ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ በሜሲየር 67 ክምችት ልዩነቱ እስከ 0.1 ገደማ ይደርሳል። በሙቀትና በስበት የሚቀራረቡትን ብቻ ያነጻጽሩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም በግራፉ ላይ ነጥቦቹ ሁለት መስመር ይሠራሉ። አሁን ስህተት አይደለም፤ አይጠግኑት። ዝቅተኛው መስመር ኮከብ በዝግታ ከሠራ፣ በኋላም ፍኖተ ሐሊብ ከዋጠው ትንሽ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በ2018 የተለየው ጋያ-ኤንሴላደስ የተባለ ጋላክሲ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የገባ ነው። የከዋክብት ምርት ሲዘገይ ብረቱ ሳይከማች ዓይነት 1ሀ ይደርሳል፣ ጉልበቱም ወደ ግራ ይሸሻል፤ በስካልፕተር ድንክ ጋላክሲ በብረት ወደ −1.8 ግድም ነው። ለማረጋገጥ ከጋያ ሳተላይት መረጃ የኮከቡን ምህዋር ያስሉ፤ የኤንሴላደስ ከዋክብት የማዕዘን ሞመንተማቸው (በጋላክሲው ዙሪያ የመዞር መጠናቸው) ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ማግኒዥየሙ አንሶ አሉሚኒየሙና ናይትሮጅኑ ከበዙ ግን ከሉላዊ ክምችት (ጥቅጥቅ ያለ ክብ የከዋክብት ስብስብ) ያመለጠ ኮከብ ሳይሆን አይቀርም፤ ለብቻው ይያዙት።