የልጆችን ልደት ከትምህርት ቤት እረፍት ጋር አስማምቶ ቀን መቁረጥ እንዴት ይቻላል?

በሐምሌና በነሐሴ ልጅ የወለደ ሰው ይህን ችግር በደንብ ያውቀዋል። ኬኩ መጥቷል፣ ፊኛው ተሰቅሏል፣ ፈንዲሻው ፈክቷል፤ ከክፍል ጓደኞች ግን ብቅ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ገሚሱ ክፍለ ሀገር አያቶቹ ጋ ሄዷል። የቀሩት ወላጆች ደግሞ ግብዣውን ጭራሽ አላዩትም፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ የወላጆችን የቴሌግራም ግሩፕ የሚከፍት የለማ። ልጅ በር በሩን ሲያይ መዋሉ ደግሞ ያሳዝናል።

ስለዚህ የልደት ቀን የሚቆረጠው በመስከረም፣ ዓመቱ ሲጀመር ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ የሚሆን ነው።

1. የቤቱን ልደት ከጓደኞች ግብዣ ለዩት

የተወለደበት ዕለት የቤተሰብ ነው። ድፎ ዳቦ ወይም ትንሽ ኬክ፣ ሻማ፣ የአያት ምርቃት ይበቃል። ይህን ቀን አታዛውሩት። የጓደኞች ግብዣ ግን ጓደኞች ወዳሉበት ጊዜ መሄድ ይችላል፤ አንድ ወር ቢዘገይም ምንም አይደለም። ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «ዛሬ እኛ ቤት እናከብራለን፤ ጓደኞችህ የሚመጡት ትምህርት ሲከፈት ነው።» ቀኑን ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ራሱ እንዲያከብበት አድርጉ። ቁርጡን ካወቀ ልጅ ይጠብቃል።

2. የትኛውን አቆጣጠር እንደምትከተሉ ወስኑ

ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ማግስት የእኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። ለምሳሌ ጥር 11 ቀን 2012 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ነው የተወለደችው። በዓመቱ ጃንዋሪ 20 የዋለው ግን ጥር 12 ነው። አባት በስልኩ፣ አያት በባሕረ ሐሳቡ ሲቆጥሩ በዕለቱ ይከራከራሉ። አንዱን ይዛችሁ በዚያው ቆዩ። በጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ካላችሁ ቀኑ የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነውና በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5 አድርጉለት።

3. የትምህርት ቤቱን ካላንደር በእጃችሁ አስገቡ

በምዝገባ ጊዜ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና መቼ እንደሚያልቅ፣ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መግቢያ ያለው እረፍት ስንት ቀን እንደሆነ፣ የወላጆች ቀን መቼ እንደሚውል፣ ሰኔ ላይ መቼ እንደሚዘጋ። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች በፈረንጆች ገና ጭምር ስለሚዘጉ ልጆቻችሁ የተለያየ ቦታ የሚማሩ ከሆነ የሁለቱንም አመሳክሩ። ቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት ይሰጥ እንደሆነም የክፍል አስተማሪውን ጠይቁ።

4. በዓሉንና ጾሙን ምልክት አድርጉ

በዓል ስለሆነና ትምህርት ስለሌለ ብቻ ልደት አታድርጉበት። በደመራና በመስቀል ሰሞን ብዙ የጉራጌ ቤተሰብ አገር ቤት ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ኢሬቻ ስለሚከበር መሀል ከተማ መንገድ ይዘጋል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት እሁድ ጠዋትም እንደዚያው ነው። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ሰዉ ከታቦት ጋር ነው።

ጾሙ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ሁዳዴ ከየካቲት 1 በፊት፣ ከመጋቢት 5 በኋላ አይገባም። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ሁዳዴ የካቲት 29 ይጀምራል፤ ረመዳን ግን በዚያው ዓመት የካቲት መግቢያ ላይ ይጠበቃል። የሙስሊም ጓደኞች ካሉ ግብዣውን ጥር ላይ ማድረግ ያዋጣል። ቅዳሜን እንደ ሰንበት የሚያከብር የአድቬንቲስት ቤተሰብ ካለ ደግሞ ቅዳሜን ትታችሁ እሁድ ከሰዓት አድርጉት።

በጾም ማድረግ ግድ ከሆነ የጾም ኬክ በየኬክ ቤቱ አለ። እዘዙና በግብዣው ላይ ጻፉት። እናቲቱ «ምን ይበላ ይሆን?» ብላ ልጇን ከምታስቀር በግልጽ ማወቁ ይሻላታል።

5. ጥሩውን ወቅት ምረጡ

በእኔ እምነት ከጥቅምት መግቢያ እስከ ኅዳር 14 ያለውን የሚያህል የለም። ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ፈተና ሩቅ ነው። የጽጌ ጾም በፈቃድ ስለሆነ ብዙ ቤት አያግድም። የመስከረም ወጪም በመጠኑ ተረስቷል።

ሁለተኛው ምርጫ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ባለቀ ማግስት የሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ እረፍቱ ሳይጀመር። ልጆቹ ተገላግለው ደስ ብሏቸዋል፣ ከከተማም አልወጡም። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ግን አክስትና አጎቱን ቀድማችሁ ያዙ። ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።

6. በክረምት ለተወለዱ

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ማስቀደም ነው። የሐምሌ ልጅ ከሆነ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አድርጉለት። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያላቸው ቤቶች ግን በዚያ ሰሞን ጭንቅ ላይ ናቸው፤ ቀኑን ጠይቃችሁ ዙሩበት።

ሁለተኛው ማዘግየት ነው። የነሐሴ፣ የጳጉሜንና የመስከረም መጀመሪያ ልጆችን ወደ ጥቅምት ውሰዷቸው። በልደታቸው ሰሞን የእያንዳንዱ ወላጅ ኪስ ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርም፣ ለደብተር፣ ላዩ ላይ ለእንቁጣጣሽ በግ ተራቁቷል። የስጦታ ወጪ መጨመር ነውር ባይሆንም ሰውን ያሳቅቃል።

ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፦ የክፍል ጓደኞችን ትቶ የሰፈር ልጆችን መጥራት። ክረምት ላይ አብረው የሚውሉት እነሱ ናቸው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ሆያ ሆዬ ሲሉ ያመሹ ልጆች ተሰባስበው ይገኛሉ። ፍልሰታን ትንንሾቹ ሳይቀሩ ስለሚጾሙት ግን ከነሐሴ 16 በኋላ ያለውን ቅዳሜ ምረጡ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የአክስት ልጆች የሚመጡትም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ነው። የውጭ ኑሮ ላይ ያደጉ ልጆች ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ማየት ደስ ይላል።

7. ግብዣውን ላኩ

ከሁለት ሳምንት በፊት ላኩ፤ ከሦስት ቀን በፊት አስታውሱ። የሳምንቱን ቀን ሳትጽፉ እንዳትልኩ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ሰላም ወላጆች። የቢታንያን 7ኛ ዓመት ልደት ቅዳሜ ጥቅምት 14 ከቀኑ 8 ሰዓት ቤታችን እናከብራለን። ኬክ የሚቆረጠው 9 ሰዓት ተኩል ነው፣ 11 ሰዓት እንጨርሳለን። የጾም ምግብም አለ። የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ንገሩን። እስከ ረቡዕ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።»

የመጨረሻውን ሰዓት መጻፍ ትልቅ ነገር ነው። አባት ልጁን መቼ እንደሚወስድ ያውቃል፣ እናንተም እስከ ምሽት አትቀመጡም። የኬኩን ሰዓት ከመግቢያው በአንድ ሰዓት ተኩል ማራቅ ደግሞ ለሚያረፍዱት ነው፤ በዝናብ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች እናት ልጇን ይዛ ስትደርስ ሻማው ጠፍቶ እንዳያገኛት። በክረምት ከሆነ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል አድርጉት።

እስከ ረቡዕ ያልመለሰ ካለ ሐሙስ ደውሉለት። በተለይ ልጃችሁ «እሱ ካልመጣ» የሚለው ጓደኛ ካለ፣ ቀኑን ለግሩፑ ከመላካችሁ በፊት ለእናቱ ደውላችሁ ይመቻቸው እንደሆነ ጠይቁ። ካልተመቻቸው ቀጣዩ ቅዳሜ አለ።